ለቅሶ ያልተቀመጠላቸው ንጉሥ፤ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት



በዚህች ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ መዋጮአችን፣ ስለ ድንኳንና ወንበራችን፣ ስለ ለቅሶ ሥርዓታችንም በየጊዜው ሲጻፍ ቆይቷል። ዘንድሮ ደግሞ ከሰፈራችን ትንሽ ወጣ ብለን፣ ከዕድር ነገር ግን ሳንወጣ፣ ስለ አንድ ሐውልት ልናወጋችሁ አሰብን። ይኸውም በአራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት በፈረስ ላይ የተቀመጠው የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሐውልት ነው። ለሥራም ለገበያም ስንል በአጠገቡ ያላለፍን የለንም። ከማለፍ አልፈን ግን ማን አቆመው፣ ለምን አቆመው፣ ምን ምን ደረሰበት ብለን የጠየቅን ጥቂቶች ነን።

«ሐውልትን ከዕድር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አባል አይጠፋም። እስቲ እንየው። የዕድር ሥራ ምንድን ነው? ሰው ሲሞት ሳይለቀስለት፣ ሳይሸኝ፣ ስሙ ሳይነሣ እንዳይቀር ማድረግ ነው። የዚህ ሐውልት ታሪክም ሥሩ ሲፈለግ እንዲሁ ያለ ነገር ነው። በሞቱ ጊዜ ወግ ያለው ለቅሶ ያልተቀመጠላቸው አንድ ትልቅ ንጉሥ ነበሩ፤ ከ17 ዓመት በኋላ ፈረሳቸው ተጭኖ በአደባባይ ቆመላቸው። ታሪኩ ይህ ነው።

ሞታቸው የተደበቀ ንጉሥ

ዐፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። ነጋሢነታቸውን፣ ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ሆነው አዲስ አበባን መቆርቆራቸውን፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የጣልያንን ጦር ድል መንሣታቸውን ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚማሩት ስለሆነ እዚህ አናስረዝመውም። የጦርነቱ መነሻ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ መሆኑም የታወቀ ነው። አማርኛው ንጉሡ ቢፈልጉ በጣልያን መንግሥት በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሊላላኩ ይችላሉ ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። በአንዲት ቃል ምክንያት አገር ተጠራ፣ ሠራዊት ከተተ፣ ደም ፈሰሰ።

ከድሉ በኋላ ንጉሡ ወደ ሥራ ነው የተመለሱት። የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ መሐል አገር መሳብ ጀመረ፤ ስልክ ገባ፤ በ1898 ዓ.ም. ባንክ ተከፈተ፤ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ተሾሙ፤ በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ግን እሳቸው አልነበሩም፤ በ1909 ዓ.ም. ገደማ ነው የደረሰው።

ሕመሙ ቀድሞ ነው የያዛቸው። ደጋግሞ ሲጥላቸው ቆይቶ በ1901 ዓ.ም. ጸናባቸው። በዚያው ዓመት የልጃቸውን የወይዘሮ ሸዋረጋን ልጅ፣ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው አሳወጁ። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የአልጋ ዓመታት ናቸው። ጉልበታቸው ደክሞ፣ አንደበታቸው ታስሮ፣ በስማቸው ሌላው እየተናገረ ቆዩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ።

አሁን ነው የእኛን የዕድርተኞችን ልብ የሚነካው ነገር የሚመጣው። የንጉሡ ሞት ለሕዝብ አልተነገረም። ሥልጣን የያዙት ሰዎች አገር እንዳይናወጥ፣ የወራሽነቱ ነገር እንዳይበላሽ ብለው ሞቱን ደበቁት። በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ግቢ ውስጥ ባለችው በስዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት፣ ያለ አዋጅና ያለ ወግ በጸጥታ ተቀበሩ። እቴጌ ጣይቱም ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው እንጦጦ ማርያም ተቀመጡ፤ በ1910 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ።

በዚያ ዘመን የአንድ ትልቅ ሰው ለቅሶ እንዴት ያለ እንደነበር ከአያቶቻችን ሰምተናል። መለከት ይነፋል፤ ሙሾ አውራጅዋ የሟቹን ሥራ አንድ በአንድ ታወርዳለች፤ ጋሻውና ጦሩ፣ ለምዱና ልብሱ ለሕዝብ ይታያል። ከሁሉም በላይ ፈረሱ ተጭኖ፣ ባለቤት የሌለው ኮርቻ ይዞ በለቀስተኛው መሐል ሲመራ እንባውን የሚይዝ አይገኝም ነበር። ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበርና ፈረሱ ሲታይ ሰውየው የታየ ያህል ነው። የዐፄ ምኒልክም የፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ነው። በሞቱ ጊዜ ግን አባ ዳኘው ብሎ በአደባባይ የጮኸ የለም። ተራው ባላገር እንኳ ጎረቤቱ ወጥቶ ሲያለቅስለት፣ ዓድዋን ያህል ጦርነት የመሩ ንጉሥ እንደ ሌባ በጓሮ ወጡ ማለት ነው። ወሬው ግን አልቀረም። ሕዝቡ እየጠረጠረ፣ እየሰማና እንዳልሰማ እየሆነ ሐዘኑን በሆዱ ይዞ ቆየ።

ፈረሱ የተጫነበት ቀን

ዘመን ተለወጠ። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱና የምኒልክ ልጅ ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ፤ ራስ ተፈሪ መኰንን ደግሞ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ንግሥቲቱ ለአባታቸው መካነ መቃብር የታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያምን ሕንጻ አሠሩ፤ ዐፅማቸውም ወደዚያ ተዛወረ። ዛሬ በዚያ ቦታ ምኒልክ፣ ጣይቱና ዘውዲቱ በአንድነት ያርፋሉ። ይህ የልጅ ወግ ነው። ልጅ አባቷን በክብር አሳረፈች። የበዓታው ሕንጻ ግን የቤተ ክርስቲያንና የመቃብር ቦታ ነው፤ አላፊ አግዳሚው የሚያየው የአደባባይ ምልክት ገና አልነበረም።

መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ ዐረፉ። ራስ ተፈሪም (በኋላ ንጉሥ ተፈሪ የተባሉት) ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ዘውድ ጫኑ። ከየአገሩ የመጡ መልእክተኞች ከተማውን ሞልተውት ነበር። በዋዜማው፣ ጥቅምት 22 ቀን፣ በዚያው በጊዮርጊስ ፊት ለፊት፣ እንግዶቹ ባሉበት አንድ ሐውልት ተገለጠ። ዘውዳቸውን የደፉ ንጉሥ፣ የፊት እግሮቹን ባነሣ ፈረስ ላይ ተቀምጠዋል። የአባ ዳኘው ፈረስ ከ17 ዓመት በኋላ ተጭኖ በሕዝብ ፊት ወጣ ማለት ነው።

የቦታው ምርጫ እንዲሁ የተደረገ አይደለም። የጊዮርጊስ ታቦት ወደ ዓድዋ አብሮ የዘመተ ነው፤ ካቴድራሉም ከድሉ በኋላ የተሠራ ነው። የፈረሱ ፊት ወደ ሰሜን፣ ወደ ዓድዋ አቅጣጫ የዞረ ነው ይባላል። ያን ቀን በአደባባዩ ከቆሙት መልእክተኞች መካከል የጣልያን መንግሥት መልእክተኞችም ነበሩበት። ማስታወሱ ለማን ለማን እንደሆነ የገባው ገብቶታል።

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር ካልን አንድ ነገር አለ። ሐውልት የሚቆመው ለሞተው ብቻ ተብሎ አይደለም፤ የሚያቆመውም የሚያገኘው ጥቅም አለው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የምኒልክ ልጅ አይደሉም። የአባታቸው የራስ መኰንን እናት ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ስለሆኑ፣ ምኒልክና መኰንን የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። ዘውድ ሊጭኑ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው የምኒልክን ሐውልት መግለጣቸው «እኔም የዚህ ቤት ነኝ፤ ሥራቸውን የምቀጥል እኔ ነኝ» ማለት ነው። ይህን ማለታችን ለመንቀፍ አይደለም። በለቅሶ ላይስ ቢሆን ሁላችን ለሟቹ ብቻ ነው የምንሄደው? «ነገ ለእኔም ይመጣልኛል» ብለን አይደለም እንዴ? ክብር መስጠትና ክብር መፈለግ አብረው ይኖራሉ። ነገሩን አውቆ መያዙ ነው የሚሻለው።

ሐውልትም ይቀበራል

ሐውልቱ ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ፋሺስቶቹ ለዓድዋ ቂም 40 ዓመት ሲቆጥሩ የቆዩ ናቸው። ዓድዋ ላይ ያሸነፋቸው ንጉሥ በፈረስ ተቀምጦ በያዙት ከተማ መሐል ቁልቁል ሲያያቸው ማደር አልሆነላቸውም። ከሮማም ትእዛዝ መጣ። ሐውልቱን ግን በቀን፣ ሕዝብ እያየ ለመንቀል አልደፈሩም፤ በሌሊት ነቀሉትና ቀበሩት።

ልብ በሉ፤ ንጉሡ ሁለት ጊዜ በስውር ተቀበሩ። አንድ ጊዜ የገዛ ቤታቸው ሰዎች፣ ሁለተኛ ጊዜ ጠላቶቻቸው። ሁለቱም ያደረጉት በአንድ ምክንያት ነው፤ ሕዝቡ ያለቅሳል፣ ሲያለቅስም ይሰበሰባል፣ ሲሰበሰብ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም ብለው። የለቅሶ ኃይል ይህን ያህል ነው።

የተወሰደው የምኒልክ ሐውልት ብቻ አልነበረም። በባቡር ጣቢያው ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ተጭኖ ሮማ ሄደ። በ1930 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ የተባለው የኤርትራ ተወላጅ በሮማ አደባባይ አንበሳውን ቢያይ ደሙ ፈልቶ ጎራዴውን መዘዘ፤ ሰባት ዓመት ያህል ታስሮ በ1937 ዓ.ም. በዚያው በጣልያን አገር ሞተ። አንበሳው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። 24 ሜትር ያህል የሚረዝመው የአክሱም ሐውልትም ሮማ ተወስዶ ነበር። በ1997 ዓ.ም. በሦስት ክፍል በአውሮፕላን ተጭኖ መጣ፤ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአክሱም እንደገና ተተክሎ ተመረቀ። ያን ሁሉ ዓመት የጠየቀና የጮኸ ሕዝብ ባይኖር ኖሮ ድንጋይ በራሱ አይመለስም ነበር።

የምኒልክ ሐውልትስ? ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ከተቀበረበት ወጥቶ በቦታው እንደገና ቆመ። መቼም ከመቃብር መውጣት ለሰው የማይሆን ነው፤ ለሐውልት ግን ይሆናል። የሚያወጣው ሰው ካለ።

ያቆሙትም ዕጣው ደረሳቸው

አሁን የምንነግራችሁን ስንጽፍ እጃችን ከብዶናል። ለምኒልክ ሐውልት ያቆሙት ንጉሠ ነገሥት ራሳቸው መጨረሻቸው ምን ሆነ? በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደርግ ከዙፋን አወረዳቸው። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በእስር እንዳሉ ሞቱ። ሕመም ነው ተባለ፤ በኋላ ግን በፍርድ ቤት እንደተነገረው ታፍነው ነው የተገደሉት። ለቅሶ አልተፈቀደም፤ መቃብራቸውም አልታወቀም። ዐፅማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. በዚያው በቤተ መንግሥቱ ግቢ፣ ከወለል ሥር ተቀብሮ ነው። ከዚያም በበዓታ ለማርያም ሲጠበቅ ቆይቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሥርዓተ ቀብራቸው ተፈጸመ። ከሞት እስከ ቀብር 25 ዓመት!

የእሳቸውም ሐውልት ዘግይቶ መጣ። በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ ኅብረት አዲስ ሕንጻ የጋናው ክዋሜ ንክሩማ ሐውልት ሲቆም፣ «ድርጅቱን አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙትስ ሰውዬ የት አሉ?» ብሎ ብዙ ሰው ጠየቀ። የካቲት 3 ቀን 2011 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት በዚያው ግቢ ተመረቀ። ታዲያ ሁለቱን ንጉሦች አንድ ዓይነት ዕጣ አገኛቸው ማለት ነው። መጀመሪያ የተደበቀ ሞት፣ ቀጥሎ የዘገየ ቀብር፣ በመጨረሻ ሐውልት። ወግ ያላገኘ ለቅሶ ዘመን ቢቆይም መውጫ ሳይፈልግ አይቀርም።

በተቃራኒው ደግሞ ለቀስተኛ የሌለው ሐውልትም አይተናል። በደርግ ዘመን በአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ የሌኒን ሐውልት ቆሞ ነበር። 10 ዓመት እንኳ ሳይቆም ግንቦት 15 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ የመንግሥቱ አገዛዝ ሲያከትም፣ ወደ መሬት ወረደ። ስንቱ ሰው አለቀሰለት? ማን ከወደቀበት አንሥቶ ይተከልልኝ አለ? ሥራው ከምኒልክ ሐውልት የሚያንስ አልነበረም፤ ሰው ግን አልነበረውም። ደርግ ዘውዱን አፍርሶ ሳለ የምኒልክን ሐውልት እንደቆመ ትቶት መሄዱንም ከዚህ ጋር አብረን እናስብ።

ሐዘንተኛው ብዙ ነው

እስካሁን ያልነው ሁሉ ሐውልቱን በፍቅር ለሚያየው ሰው ደስ ያሰኛል። በዕድራችን ግን ከየአገሩ የመጣ ሰው ነው ያለው። አንዱ ከሸዋ፣ አንዱ ከጉራጌ፣ አንዱ ከአርሲ፣ አንዱ ከወላይታ፣ አንዱ ከወለጋ፣ አንዱ ከትግራይ ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ መዝገብ ተጽፏል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ያን ፈረስ ሲያይ አንድ ነገር አያስብም። ይህን ሸፍነን ብናልፍ ለአባሎቻችን ሐቀኛ አንሆንም።

ምኒልክ አገር ያሰፉት በድርድርም በጦርም ነው። ጂማ በአባ ጅፋር ሥር በስምምነት ገባች። አርሲ ግን በ1870ዎቹ ለዓመታት ተዋግቶ ነው የተያዘው፤ ብዙ ደምም ፈሷል። ወላይታ በ1887 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸው ዘምተውባት ከብዙ እልቂት በኋላ ተያዘች። ከጦርነቱ ቀጥሎ መሬት ለነፍጠኛ ተመራ፣ ገባር ተባለ፤ ያም ሸክም እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በብዙ ቤተ ሰብ ትከሻ ላይ ቆየ። በ2006 ዓ.ም. በአርሲ ሄጦሳ የአኖሌ የመታሰቢያ ሐውልት ተመርቋል፤ የተቆረጠ ጡት በእጅ ተይዞ ያሳያል። የታሪክ ሰዎች ስለ ድርጊቱ ይከራከራሉ፤ ሐዘኑ ግን በሰዎች ልብ ውስጥ ያለ መሆኑ አያከራክርም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በአገሪቱ ሁከት በተነሣ ጊዜ ደግሞ በሐረር የራስ መኰንን ሐውልት ተገፍቶ ወደቀ። የካቲት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓድዋ በዓል በሚከበርበት ዕለት በዚያው በምኒልክ ሐውልት አደባባይ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ ሰው ሸሸ፤ የሰው ነፍስም ጠፋ። ለሙታን መታሰቢያ በተሰበሰበ ሕዝብ መሐል ሌላ ሬሳ!

በሌላ በኩል ደግሞ የዓድዋን ድል የአንድ ወገን ማድረግ አይቻልም። ከምኒልክ ጋር ከዘመቱት ታላላቅ ሰዎች መካከል ባልቻ ሳፎና ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ንጉሡ ቤት የገቡ ናቸው። ባልቻ በመድፈኛነታቸው ስም አወጡ፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ደግሞ በኋላ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ከሰሜን ራስ አሉላና ራስ መንገሻ፣ ከጎጃም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ከወሎ ራስ ሚካኤል፣ ከሐረር ራስ መኰንን፣ ከደቡብና ከምዕራብ ስንቱ ወታደር ነበረ። ፊታውራሪ ገበየሁ እዚያው ወደቁ። ከእሳቸው ጋር የወደቁት የብዙ ሺህ ሰዎች ስም በየትኛው ሐውልት ላይ ተጻፈ? ስንቅ ተሸክማ የሄደችው ሴት፣ በቅሎ የነዳው ልጅ ስማቸው የታለ? በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ የብዙዎቹን ሥራ ለማሳየት መሠራቱ በጎ ነገር ነው። የጎደለውን ሁሉ ግን አንድ ሕንጻ አይሞላውም።

ከዕድር የሚወሰድ ትምህርት

ታዲያ ምን ይደረግ? አንዳንዱ «ሐውልቱ ይነሣ» ይላል፤ ሌላው «ስለ ሐውልቱ ክፉ የተናገረ ጠላት ነው» ይላል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። የምንመክረውም ከመጽሐፍ ያገኘነውን ሳይሆን በድንኳናችን ውስጥ በየጊዜው የምናየውን ነው።

አንድ አባል ሲሞት ጡሩምባው ተነፍቶ ሁሉ ይመጣል። ከሟቹ ጋር በድንበር የተጣላውም፣ ገንዘብ ተበድሮት የቀረበትም ይመጣል። መጥቶም «ሟቹ ቅዱስ ነበር» እንዲል አይገደድም፤ «ሟቹ ክፉ ነበር» ብሎም በሐዘንተኛው ፊት አይጮህም። ይቀመጣል፤ የቀረበለትን ንፍሮ ይዘግናል፤ ሌላው ሲያለቅስ ያያል። ቀስ እያለም የራሱን ያወጋል። «ተጣልተን ነበር፤ እንዲህ ነበር የበደለኝ፤ ግን ልጄ በታመመ ጊዜ በሌሊት ተነሥቶ ያደረሰልኝ እሱ ነው» ይላል። የሟቹ ልጅም ይህን ሰምቶ አይቆጣም፤ እንዲያውም አባቱን ይበልጥ ያውቀዋል። ሰው የሚከበረው ሙሉ ሆኖ ሲታወስ ነው። ግማሹ ተቆርጦ ከታወሰ የሚቀረው ሌላ ሰው ነው።

ለምኒልክ ሐውልትም እንዲህ ይሁንለት እንላለን። የሸዋው ሰው እምዬ ብሎ ያልቅስ፤ የአርሲው ሰው የአያቱን ሐዘን ይናገር፤ ሁለቱም በአንድ ድንኳን ይቀመጡ። በ1906 ዓ.ም. የተከለከለው ለቅሶ ቢፈቀድ ኖሮ ምናልባት ይህ ሁሉ ያን ጊዜ ይወጣ ነበር። ሞቱን የደበቁት ሰዎች የደበቁት እንባውን ብቻ አይደለም፤ በለቅሶ ላይ የሚወጣውን እውነትም ነው።

ሁለተኛው ነገር የመጠበቅ ነገር ነው። በ2005 ዓ.ም. የባቡር መንገድ ሲሠራ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ከቦታው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ። ያን ጊዜ የምኒልክም ሊነሣ ነው ተብሎ ብዙ ሰው ተጨነቀ፤ ባቡሩ ግን በሥር አለፈ፣ ሐውልቱም ቀረ። ሐውልቱ ይቀራል፤ ስለ ሐውልቱ የሚያወጋው ሰው ግን ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ሩቅ ሰፈር ተዛውሯል። ሰፈር ሲነሣ ዕድር ይበተናል፤ ዕድር ሲበተን አብሮ የሚጠፋው ድንኳንና ወንበር ብቻ አይደለም። «ይህን እኮ አባቴ በዓይኑ አይቶታል» የሚለው ወግ ነው የሚጠፋው።

ስለዚህ አባሎቻችንን የምንለምነው ቀላል ነገር ነው። በመጪው የዓድዋ በዓል ወይም በሌላ በተመቻችሁ ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ አራዳ ውጡ። ፈረሱን አሳዩአቸው፤ ለምን እንደቆመ፣ ማን እንደቀበረው፣ ማን እንዳወጣው ንገሯቸው። ከዚያ ቁልቁል ወርዳችሁ በዓታ ለማርያም መቃብሩን አሳዩአቸው። መንገድ ላይም ስለ ወገናችሁ፣ ከየት እንደመጣችሁ፣ አያቶቻችሁ በዚያ ዘመን ምን እንዳገኛቸው ደስታውንም ሐዘኑንም ሳትደብቁ አውጓቸው። በዕድሜ የገፉ አባሎቻችንም የሚያውቁትን ለጸሐፊያችን ቢነግሩ በመዝገብ ላይ እናሰፍረዋለን። ሌላ ሐውልት ለመሥራት አቅም የለንም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ግን አይቸግረንም።

ለቅሶ ሳይቀመጥላቸው ላለፉት ሁሉ፣ ለንጉሡም ለወታደሩም፣ በአርሲም በወላይታም በዓድዋም ለወደቁት፣ ነፍስ ይማር። ለእኛም በቀኑ የሚያለቅስልንና እውነቱን የሚያወራልን ሰው አያሳጣን።